ናኖው ከጎጃም ቀይ አፈር ይጀምር

«ናኖ ሕክምና» ሲባል በዩኒቨርሲቲዎቻችን ቶሎ የሚታሰበው መድኃኒት ተሸክሞ ካንሰር ውስጥ የሚገባ ቅንጣት ነው። ይሁን፤ ጎጃም ላይ ግን የሚቀድም ሥራ አለ። ፖዶኮኒዮሲስ፣ ሕዝቡ በትል ከሚመጣው እብጠት ሳይለይ ዝሆኔ የሚለው የእግር እብጠት፣ ከትል አይመጣም። ለዓመታት ቀይ አፈር ላይ በባዶ እግር ሲኬድ በቆዳ ከሚገቡ ደቃቅ የማዕድን ቅንጣቶች ነው። እ.ኤ.አ. በ2012 የወጣ ጥናት በደብረ ኤልያስና በደምበጫ 15 ዓመት ከሞላቸው ሰዎች 3.3 በመቶው ላይ አግኝቶታል።

ሐኪሙ ኧርነስት ፕራይስ በሽታውን ከእሳተ ገሞራ ከመነጨ አፈር ጋር አያያዘው። የዘረመል ባለሙያዎች በቤተሰብ የሚወረድ ተጋላጭነት እንዳለ አሳዩ። በምሥራቅና በምዕራብ ጎጃም የተሠራው የአፈር ጥናት ደግሞ ስሜክታይት፣ ማይካና ኳርትዝ በተባሉ ማዕድናት ላይ ጣቱን ቀሰረ። የቱ ቅንጣት በምን መንገድ ብግነት እንደሚያስነሳ ግን አልተቋጨም። የናኖ ተመራማሪው ሥራ እዚህ ጋ ነው፤ የስሜክታይት አንዷ ንጣፍ ውፍረቷ 1 ናኖሜትር (የሚሊሜትር አንድ ሚሊዮንኛ) ገደማ ነውና።

ነገሩ የሚበላሸው ናሙናው ከእጅ ወደ እጅ ሲተላለፍ ነው። የአፈር ባለሙያው እንደ ልማዱ አፈሩን በሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድ ያጥባል፣ በሶዲየም ሄክሳሜታፎስፌት ይበትናል፣ ውኃ ውስጥ ያዘቅጠዋል። በ20 ዲግሪ ሙቀት 2 ማይክሮሜትር የሆነ ቅንጣት 10 ሴንቲሜትር ለመውረድ 8 ሰዓት ገደማ ይፈጅበታል፤ ከዚያ በኋላ ከላይ የሚቀዳው ሸክላው፣ ማለትም የአፈሩ ደቃቅ ክፍል ብቻ ነው። ለአፈር ምደባ እንከን የለውም። ቅንጣቱ ሕዋስ ያስቆጣ እንደሆነ ለሚፈተንበት ሙከራ ግን ፎስፌቱ የቅንጣቱን ገጽ ለውጦታል፣ ፐርኦክሳይዱም የብስባሹን ሽፋን አጥፍቶታል። የገበሬውን እግር የነካው ቅንጣት ይህ አይደለም።

ኢንዶቶክሲን የባሰ ነው። የባክቴሪያ ቅሪት ከሸክላው ጋር ተጣብቆ ይመጣና ሕዋሱ ሲቆጣ «ማዕድኑ ነው» ተብሎ ይጻፋል። አውቶክሌቭ (በግፊት እንፋሎት የሚያመክን መሣሪያ) ባክቴሪያውን ይገድላል እንጂ ኢንዶቶክሲኑን ለማጥፋት አይበቃም። በ250 ዲግሪ ደረቅ ሙቀት 30 ደቂቃ ማቆየት ያጠፋዋል፤ ግን ስሜክታይቱም በንጣፎቹ መካከል የያዘውን ውኃ ያጣል። የአንዱ ማጽጃ የሌላውን ናሙና ገደለ ማለት ነው። የሚያዋጣው ናሙናውን ከሦስት መክፈል ነው፦ ያልተነካ፣ የጋለ፣ ኢንዶቶክሲን የሚይዘው ፖሊሚክሲን ቢ የገባበት። (ሸክላው ራሱ ፖሊሚክሲኑን ሊስበው ስለሚችል ኬሚስቱ መጠኑን አስቀድሞ ይፈትሽ።) ያልተነካውና ፖሊሚክሲን የገባበት እኩል ካስቆጡ ማዕድኑን መጠርጠር ያስኬዳል።

በባሕር ዳርም በደብረ ማርቆስም ዩኒቨርሲቲ ግብርናውና ጤናው በአንድ ተቋም ሥር ናቸው። ፕሮፖዛል ላይ የሁሉም ስም መስፈሩ ግን ትብብር አይባልም። አካፋው መሬት ሳይነካ ናሙናውን ማን፣ በምን ዕቃ፣ በስንት ዲግሪ እንደሚይዘው አብረው ይጻፉ፤ በጀቱም ይህን የሚከታተል ሰው ደመወዝ ይያዝበት።

ሕመምተኛውስ? በምሥራቅ ጎጃም አነደድ ወረዳ 696 ሰዎች በተሳተፉበት ሙከራ እጥበት፣ ቅባት፣ ፋሻና ጫማ ያገኙት በዓመት በአማካይ 19.4 ጊዜ፣ ተራ ሲጠብቁ የቆዩት 23.9 ጊዜ የእግር ትኩሳትና ቁስለት አገርሽቶባቸዋል። ጥሩ ነው፤ ያም ሆኖ የታከመው ሰው በወር ከአንድ ተኩል ጊዜ በላይ ይታመማል። ቅንጣቱን ቆዳ ላይ የሚያግድ ቅባት ለፋርማሲና ለናኖ ባለሙያዎች የተገባ ሥራ ነው። ግን በረባሶ የእግርን ጀርባ አይሸፍንም፤ ማሳው ሲጨቀይ እርፍ የጨበጠው ገበሬ እሱንም ያወልቀዋል። ስለዚህ ቅባቱ በጭቃና በላብ ስንት ሰዓት እንደሚቆይ የሚፈተነው ከሰኔ እስከ ነሐሴ፣ እርሻው ላይ መሆን አለበት።