ሚሊሊትር ብቻውን የመድኃኒት መጠን አይደለም

ሰሞኑን ከአንዳንድ የጤና ባለሙያዎች አፍ የማይጠፋ ምክር አለ፤ ለልጅ ሽሮፕ ሲታዘዝ ወላጅን በሚሊግራም፣ ማለትም ፈሳሹ ውስጥ ባለው የመድኃኒት ክብደት፣ ማደናገር አያስፈልግም፣ ስንት ሚሊሊትር ፈሳሽ እንደሚሰጥ ብቻ ይነገረው የሚል። ሲሰሙት ደግነት ይመስላል። ግን ወላጁን ከምንም አይገላግለውም፤ ስህተት ሲፈጠር ሊነቃበት የሚችለውን ብቸኛ ቁጥር ይነጥቀዋል እንጂ።

መድኃኒቱ እስካልተለወጠ ድረስ ሚሊሊትሩም አይለወጥም ይሉናል። ይህን የሚል ሰው ሁለት ጠርሙስ ጎን ለጎን አቁሞ መለያቸውን አንብቦ አያውቅም። ፓራሲታሞልን እንውሰድ። በ5 ሚሊሊትር 120 ሚሊግራም የያዘ ሽሮፕ አለ፤ በ5 ሚሊሊትር 250 ሚሊግራም የያዘም አለ፤ ለጨቅላዎች የሚሠራው ጠብታ ደግሞ በ1 ሚሊሊትር ብቻ 100 ሚሊግራም ይዞ ይመጣል። 10 ኪሎ ለሚመዝን ልጅ፣ በኪሎ 15 ሚሊግራም ሲታሰብ፣ የአንድ ጊዜው መጠን 150 ሚሊግራም ነው። ስሌቱም ይህን ያህል አይከብድም፤ የታዘዘው ሚሊግራም መለያው ላይ ባለው ሚሊግራም ይካፈላል፣ ከዚያ መለያው ላይ ባለው ሚሊሊትር ይባዛል። 150 ለ120 ተካፍሎ በ5 ሲባዛ 6.25 ሚሊሊትር ይመጣል፤ ለመቅዳት እንዲመች 6 ቢደረግ 144 ሚሊግራም ነውና የሚጎዳ ነገር የለም። ከ250ው ሽሮፕ የሚቀዳው 3 ሚሊሊትር ነው፤ ከጠብታው 1.5።

እንግዲህ 6 ሚሊሊትር ስጪው ብቻ የተባለች እናት ፋርማሲው ደካማውን ሽሮፕ ጨርሶ ብርቱውን ቢሰጣት ልጁ 300 ሚሊግራም፣ እጥፉን ይጠጣል። ቤት ከተቀመጠው ጠብታ ከቀዳችለት 600 ሚሊግራም ነው፤ አራት እጥፍ። ይህ በየስድስት ሰዓቱ ሲደጋገም ጉበትን ምን እንደሚያደርግ ለባለሙያ አይነገርም። ግልባጩም አለ። ለጠብታው የተነገራትን 1.5 ሚሊሊትር ከ120ው ሽሮፕ ከቀዳችው 36 ሚሊግራም ብቻ ነው፤ ትኩሳቱ ንቅንቅ አይልም፣ ቤተሰቡም መድኃኒቱ አልሠራም ብሎ ሌላ ይደርብበታል። በሦስቱም እናትዬው የተባለችውን ሳታዛንፍ ፈጽማለች! 150 ሚሊግራም የሚል ወረቀት ይዛ ቢሆን ኖሮ ግን የትኛውም ፋርማሲስት የያዘችውን ጠርሙስ አይቶ በግማሽ ደቂቃ ያስተካክልላት ነበር።

አሜሪካ ውስጥ የፓራሲታሞል የሕፃናቱ ጠብታ በ0.8 ሚሊሊትር 80፣ የልጆቹ ሽሮፕ በ5 ሚሊሊትር 160 ሚሊግራም ነበር፤ ጠብታው በሦስት እጥፍ ይበረታል። በ2011 እ.ኤ.አ. አምራቾቹ ጠብታውን ትተው የሁለቱንም ዕድሜ መድኃኒት 160 በ5 ለማድረግ ወሰኑ። ሚሊሊትር ይበቃል ለማለት የሚያስደፍረው እንዲህ ያለ እርምጃ ነው። መካሪዎቻችን ግን ጠርሙሶቹ እንደተዘበራረቁ ትተው ቁጥሩን ማጥፋት ቀለላቸው።

ሁለት ቁጥር ያደናግራል ለሚሉትም መልሱ ብርቱው የሕመም ማስታገሻ ሞርፊን ነው። በዚያው ዓመት የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር በአፍ ስለሚሰጠው የሞርፊን ፈሳሽ ያስጠነቀቀው ሚሊግራምና ሚሊሊትር ተምታተው ሰው ስለሞተ ነበር። ብርቱው ፈሳሽ በ1 ሚሊሊትር 20 ሚሊግራም ይይዛል፤ 5 ሚሊግራም ማለት 0.25 ሚሊሊትር ነው። 5 ሚሊሊትር ተብሎ ከተሰጠ 100 ሚሊግራም፣ ሃያ እጥፍ ይሆናል። ታዲያ አንዱ ቁጥር ይሰረዝ ተባለ? በጭራሽ። ማዘዣው ላይ ሁለቱም ይጻፉ ነው የተባለው፤ አንዱ ሲሳሳት ሌላው ያጋልጠዋላ።

በኢንተርኔት ላይ ሚሊግራምን ወደ ሚሊሊትር እንቀይራለን የሚሉ ማስያዎችም ያው ናቸው። የመድኃኒቱን ጥንካሬ ሳይጠይቅ መልስ የሚተፋ ማስያ ያሰላው የውሃ ክብደት ነው፤ 1 ሚሊሊትር ውሃ 1000 ሚሊግራም ይመዝናል፣ ስለሟሟበት መድኃኒት ግን አንዳች አይናገርም።

መለኪያው በሚሊሊትር ብቻ ይሁን ካሉ እስማማለሁ። የቤት ማንኪያ ሁሉ 5 ሚሊሊትር አይይዝም፤ ሲሪንጅ ይሻላል። ነገር ግን በዱቄት የሚመጣውን አሞክሲሲሊን ተመልከቱ። በ5 ሚሊሊትር 250 ሚሊግራም የሚሆነው መለያው ያዘዘው ውሃ ልክ ሲገባ ነው፤ መጀመሪያ ጠርሙሱን መታ መታ አድርጎ ዱቄቱን ማላቀቅ፣ ከውሃው ከፊሉን ጨምሮ መበጥበጥ፣ ከዚያ የቀረውን ማስገባት። ውሃ ከበዛበት እያንዳንዱ ሚሊሊትር ደክሞ ይወጣል። ሳይናወጥ ከተቀዳ ደግሞ ላይ ላዩ ቀጭን፣ የጠርሙሱ መጨረሻ ወፍራም ይሆናል። ሲሪንጁ ሁልጊዜ 5 ያሳያል፤ ልጁ የሚያገኘው ሚሊግራም ግን በየቀኑ ይለያያል።

የምንጠይቀው አንድ መስመር ነው፦ ፓራሲታሞል 150 ሚሊግራም፣ 250 በ5 ከሆነው ሽሮፕ 3 ሚሊሊትር። ይህን መጻፍ የሰለቸው ባለሙያ ወላጅ ይደናገራል እያለ አያመካኝ። ሲጽፍም 3 እንጂ 3.0 አይበል፤ ነጥቧ ስትደበዝዝ 30 ትሆናለች። ግማሽም 0.5 ተብሎ ይጻፍ፣ ዜሮዋ ከተዘለለች 5 ተብሎ ይነበባል።