ቀድሞ የደረሰ የሚቀጣበት ውድድር

በዓለም የራሊ ሻምፒዮና ደንብ ውስጥ ከሁሉ የገረመኝ ይህ ነው። ከአንዱ ስቴጅ (መኪኖቹ ሰዓት ተይዞባቸው በየተራ ከሚሮጡበት የተዘጋ መንገድ) ወደ ሌላው ሲጓዝ የሰዓት መቆጣጠሪያው ጋ አንድ ደቂቃ ዘግይቶ የደረሰ ተወዳዳሪ 10 ሰከንድ ይታከልበታል። አንድ ደቂቃ ቀድሞ የደረሰ ግን አንድ ሙሉ ደቂቃ። መቅደም ከመዘግየት ስድስት እጥፍ ያስቀጣል ማለት ነው። ጎንደር ፒያሳ ባጃጁን ጥግ አስይዞ ስልኩ ላይ የራሊ ቪዲዮ ያሳየኝ ለነበረ ልጅ ይህን ብነግረው በሳቅ ፈረሰ። «ታዲያ ምኑን ውድድር ሆነ?»

ልጁና ጓደኞቹ የሚወዱት የአስፋልት ራሊ ነው፤ ሞንቴ ካርሎ፣ ኮርሲካ፣ ክሮኤሺያ። ጠመዝማዛ መንገድ፣ በአንድ ወገን ተራራ፣ በሌላው ገደል ባዩ ቁጥር አንዱ ይነሳና «ይሄ እኮ ሊማሊሞ ነው!» ይላል። አልተሳሳተም። ጣሊያን በ1930ዎቹ (እዚህ የምጠራቸው ዓመቶች ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው) ከደባርቅ ቁልቁል የጠረበውን ያንን መንገድ የወረደ ሰው ኩርባ ብርቁ አይሆንም። ከዚያ ወሬው ወደ ምኞት ይሻገራል፤ እዚህ ቢካሄድ፣ ቱሪስት ቢመጣ፣ ሆቴል ቢሞላ። እኔ በዚህ ምኞት አልስማማም፤ ምክንያቴን ወደ ኋላ እመጣበታለሁ። ይልቅ ውድድሩ ሳይመጣ፣ ሳንቲም ሳናወጣ ከራሊው ልንወስዳቸው የምንችላቸው ሁለት ነገሮች አሉ። አንዱ ደብተር ነው፣ ሌላው ካርድ።

አስፋልት ላይ መንዳት ለተመልካች ቀላል ይመስላል። ፒስታ ላይ መኪና ሲንሸራተት አቧራው ይነሳል፣ ድንጋዩ ይበተናል፣ ለዓይን ይሞላል። አስፋልት ላይ ግን መኪናው ሐዲድ ላይ ያለ ባቡር መስሎ ያልፋል። ለፒስታ 15 ኢንች የነበረው ቸርኬ በ18 ኢንች ይተካል፣ መኪናው ወደ መሬት ዝቅ ይደረጋል። ጎማው መንገዱን ጥርቅም አድርጎ ይይዛል፤ ሲለቅ ግን ሳይነግር ነው የሚለቀው።

ደግሞ አስፋልት ንጹሕ ሆኖ አይቆይም። ሾፌሮቹ ኩርባውን ለማሳጠር በኩርባው ውስጠኛ ጎን ያለውን ጎማቸውን ከአስፋልቱ አውጥተው በሣሩ ላይ ይቆርጣሉ፤ ጎማው ሲመለስ ጭቃና ጠጠር ይዞ ይመለሳል። መጀመሪያ የወጣው ንጹሕ መንገድ ያገኛል፣ አሥረኛው የሌሎቹን ቆሻሻ። (ፒስታ ላይ ተገላቢጦሽ ነው፤ እዚያ ቀድሞ የወጣው ለሌሎቹ መንገድ ጠራጊ ሆኖ ይከስራል።) በክረምት፣ በገበያ ቀን በጎንደር–ደባርቅ መንገድ ላይ ባለችው አምባ ጊዮርጊስ ያለፈ ሰው ይህን ለመረዳት አውሮፓ መሄድ አያስፈልገውም። ከየጎጡ የወጣው እግር፣ የከብቱ ኮቴ፣ የጋሪው ጎማ ጥቁሩን ጭቃ አስፋልቱ ላይ ያነጥፈዋል። የሚመጣው ሾፌር ግን «አስፋልት ላይ ነኝ» ብሎ ነው የሚመጣው።

ክሮኤሺያ እ.ኤ.አ. በኤፕሪል 2021 ለመጀመሪያ ጊዜ የዓለም ሻምፒዮናውን ስታስተናግድ ሁሉም ነገር በሦስት ቀን ታየ። ሻምፒዮናውን ይመራ የነበረው የ20 ዓመቱ ፊንላንዳዊ ካሌ ሮቫንፔራ ገና የመጀመሪያው ስቴጅ ላይ ከመንገድ ወጣ፤ ለእሱ ውድድሩ እዚያው አበቃ። (በዓመቱ ተመልሶ ያንኑ ራሊ አሸንፏል፤ በዚያው ዓመት ኦክቶበር ላይ፣ 22 ዓመት በሞላው ማግስት፣ በታሪክ ትንሹ የዓለም ሻምፒዮን ሆኗል።) እሑድ ጠዋት ደግሞ ፈረንሳዊው የዓለም ሻምፒዮን ሴባስቲያን ኦጂዬ ተጋጨ። የተጋጨው ስቴጅ ላይ አይደለም። ወደ ስቴጁ ሲሄድ፣ ማንም ሰው በሚሄድበት የዛግሬብ መንገድ ላይ ከአንድ ቢኤምደብሊው ጋር ነው። ከቦታው በሄደበት ሁኔታ የገንዘብ ቅጣትና በገደብ የተያዘ የአንድ ውድድር እገዳ ተላለፈበት። ጎኗ የተጎዳችውን ቶዮታ እየነዳ ግን ራሊውን አሸነፈ፤ የቡድን ጓደኛውን ኤልፊን ኢቫንስን በ0.6 ሰከንድ ቀድሞ። ወደ 300 ኪሎ ሜትር የሚጠጋ ውድድር ነው። ከጎንደር ደባርቅ፣ ከደባርቅ ጎንደር፣ እንደገና ደባርቅ ድረስ ተነድቶ ልዩነቱ ረዳቱ «ወራጅ አለ» ብሎ ለመጨረስ እንኳ አይበቃም።

የዓለም ሻምፒዮን በተዘጋው መንገድ በዚያ ሁሉ ፍጥነት ነድቶ ምንም ሳይሆን፣ በክፍቱ መንገድ ተጋጨ። የራሊው ሰዎች ይህን ዓይነቱን ነገር ጠንቅቀው ያውቁታል። ለዚህ ነው በስቴጆቹ መካከል ያለውን መንገድ ታርጋ ለጥፎ፣ መብራት ጠብቆ፣ የሀገሩን የትራፊክ ሕግ አክብሮ የሚነዳው፤ ለዚህም ነው ቀድሞ መድረስ የሚያስቀጣው። የሰዓት ካርዱ ላይ «በዚህ ደቂቃ ድረስ» ተብሎ ይጻፋል፤ ቀድሞ የደረሰ ከመቆጣጠሪያው በፊት መኪናውን አቁሞ ይጠብቃል። የሚያስቸኩል ምክንያት ከሥሩ ተነቀለ ማለት ነው።

አሁን ወደ ደብተሩ ልምጣ። ራሊ ውስጥ ከሾፌሩ ጎን የሚቀመጠው ሰው ሥራው ማንበብ ነው። ከውድድሩ በፊት ሁለቱም መንገዱን በተራ መኪና፣ በተገደበ ፍጥነት ሁለት ጊዜ ይሄዱበታል። መጀመሪያ ሾፌሩ ይናገራል፣ ጎረቤቱ ይጽፋል፤ ሁለተኛ ጎረቤቱ ያነባል፣ ሾፌሩ ያርማል። ኩርባው በቁጥር ይገለጻል፤ ብዙዎቹ ከ1 እስከ 6 ይጠቀማሉ፣ ቁጥሩ ባነሰ መጠን ኩርባው ይከፋል። «ቀኝ 4፣ 60 ሜትር፣ ግራ 2 ይጠባል፣ አትቁረጥ።» ኦጂዬ እስከ 2021 ያነሳቸውን ስምንት ዋንጫዎች ሲያነሳ እያነበበ ከጎኑ የተቀመጠው ያው ጁሊያን ኢንግራሲያ ነበር። በእኛ አገር ቋንቋ እንዲህ ያለውን ሰው ረዳት እንለዋለን። የእኛ ረዳት ግን ሒሳብ ይቀበላል፣ በር ይደበድባል፣ ዳገት ላይ መኪና ሲቆም ታኮ ይዞ ይዘላል። ደብተር አልተሰጠውም።

ባለፈው ከደባርቅ ወደ ጎንደር ስመለስ ጋቢና ደረሰኝ። ሾፌሩ ሃምሳዎቹን ያጋመሱ፣ ጋቢ የደረቡ ሰው ናቸው። ከልጄ የተረፈ ደብተር ነበረኝ፣ አውጥቼ ኩርባ መቁጠር ጀመርኩ። ዳባት ሳንደርስ ዓይናቸው ደብተሩ ላይ አረፈ።

«ወንድምዓለም፣ ትራፊክ ነህ እንዴ?»

ከኋላ አራት ትርፍ ሰው ጭነዋልና ጥያቄው ቀልድ ብቻ አልነበረም። «አይ ጋሼ፣ ኩርባ እየጻፍኩ ነው» አልኳቸው። ትንሽ ዝም አሉ። ከዚያ በአገጫቸው ወደ ፊት እያመለከቱ «እሺ ይቺን ጻፋት» አሉኝ። «ይቺ ክፉ ናት። ስትገባባት ሰፊ ነኝ ትልሃለች፣ መሐል ላይ ታጠብብሃለች።»

እጄ ብዕሩን እንደያዘ ቀረ። የራሊ ደብተር ላይ «ይጠባል» ተብሎ የሚጻፈው ይኸው ነው። ከዚያ በኋላ አላቆሙም። እዚህ ጋ ጠዋት ጤዛው እስከ ሦስት ሰዓት አይደርቅም፤ ባሕር ዛፉ ያጠላበታል። እዚያ ጋ ዳገቱ ሲያልቅ ወዲያው ውኃ የሚጠጣ ከብት አለ፣ ከአሥር ሰዓት በኋላ ጥሩምባ ንፋ። ይህን ቁልቁለት በፍሬን አትውረደው፣ በሁለተኛ ማርሽ ያዘው። እዚህ የሚካኤል ዕለት ሰው መንገዱን ይሞላዋል። ኮሶዬ ላይ ጉም ከገደሉ ሥር እንደ ጭስ ይመጣል፤ ያኔ የቀኙን ጠርዝ እንጂ ፊትህን አትይ። ጎንደር ስንገባ ዘጠኝ ገጽ ሞልቶ ነበር። ከኋላ ረዳቱ፣ ሃያ ዓመት የማይሞላው ልጅ፣ አንገቱን በመቀመጫዎቹ መካከል አስግጎ ያዳምጣል። ልጁ በሦስት ዓመት ውስጥ መንጃ ፈቃድ አውጥቶ ያንኑ መንገድ ይነዳዋል። «ጋሼ፣ ለእሱ ነግረውት ያውቃሉ?» ብዬ ጠየቅኋቸው። «ይለምደዋል» አሉ።

ይለምደዋል! ራሊ ይህን ቃል አያውቅም። መንገድን መልመድ ማለት በየኩርባው አንድ ጊዜ መደንገጥ ማለት ነው፤ ድንጋጤው ደግሞ አንዳንዴ ለልምድ አይተርፍም። ሰላሳ ዓመት የነዱ ሰዎች በጭንቅላታቸው የያዙት ማስታወሻ አለ፤ ከሮቫንፔራ ደብተር የማያንስ። ጡረታ ሲወጡ ይዘውት ይወጣሉ። ምልክቱ መንገዱ ላይ ይቆም የነበረ ቢሆን አንድ ነገር ነበር፤ የቆመውን ብረትም ነቅሎ ለቁራሌው የሚሸጥ አላጣንም። እያንዳንዱ ማኅበር አምስት አንጋፋ ሾፌሮችን አስቀምጦ የየመስመሩን ማስታወሻ ቢያስጽፍ፣ አዲስ ሾፌር ሳያነብ ባይሰማራ፣ ወጪው ደብተርና ሻይ ነው።

ካርዱ ይከብዳል፤ ገንዘብ ይነካልና። ሾፌሩ የሚቸኩለው ፍጥነት ስለሚወድ ነው ብሎ የሚያስብ ሰው መናኸሪያ ቆሞ አያውቅም። ቀድሞ የገባ ቀድሞ ተራ ይይዛል፤ ተራ የያዘ ሌላ ምልልስ ይሠራል፤ ለባለቤቱ የሚገባው ሒሳብ ደግሞ ቁርጥ ነው። ነዳጅ ለመቅዳት ግማሽ ቀን የተሰለፈበትንም መንገድ ላይ ሊያካክስ ይሻል። ደንቡ ቀድሞ ለደረሰ ሽልማት እየሰጠ፣ ትራፊኩ ለምን ቸኮልክ እያለ ይቀጣል። ራሊው ያደረገው ይህን መገልበጥ ነው። ከደባርቅ የወጣበት ሰዓት ወረቀት ላይ ይጻፍ፣ ጎንደር የሚገባበት ትንሹ ሰዓት ይታወቅ፤ ከዚያ የቀደመ ተራውን ከመጨረሻ ይያዝ። ከዚያ በኋላ አምባ ጊዮርጊስ ጭቃ ላይ የሚቀዳደምበት ምክንያት አይኖረውም። ዳባት ላይ ቆሞ ሻይ ይጠጣል እንጂ።

«አይሠራም፣ ጓደኛው ጽፎ ይሰጠዋል» የሚሉኝ አሉ። ሊሆን ይችላል። የራሊው ካርድም የሚሠራው ሁለት ጫፍ ላይ ሁለት የተለያዩ ሰዎች ስለሚጽፉበት ነው፤ እኛ ጋም ስልክ አለ፣ ፎቶ አንስቶ መላክ ይቻላል።

አሁን ያ የልጆቹ ምኞት። ኮርሲካ «የ10 ሺህ ኩርባዎች ራሊ» ትባላለች። በ1985 ተወዳዳሪው አቲሊዮ ቤቴጋ እዚያ ሞተ፤ በዓመቱ በዚያው ቀን፣ ሜይ 2፣ ሄንሪ ቶይቮነንና ረዳቱ ሰርጂዮ ክሬስቶ ገደል ገብተው በላንቻ መኪናቸው ውስጥ ተቃጠሉ። ቡድን ቢ የሚባሉት እነዚያ ጉልበተኛ መኪኖች ከሻምፒዮናው የታገዱት ከዚያ በኋላ ነው። አየርላንዳዊው ተወዳዳሪ ክሬግ ብሪን በ2023 ለክሮኤሺያ ራሊ በልምምድ ላይ ሳለ ሞተ። ሐኪሙ፣ አምቡላንሱ፣ ሄሊኮፕተሩ ሁሉ በተሰናዳበት ስፖርት ነው ይህ የሚሆነው። ጎረቤታችን ኬንያ ከ1953 ጀምሮ ሳፋሪ ራሊን ታካሂዳለች፤ የድሮው ሳፋሪ በክፍት መንገድ ነበር የሚሮጠው፣ ከብትና አውሬ እንዳይገጥማቸው ቡድኖቹ በሰማይ ሄሊኮፕተር ያስቀድሙ ነበር። ከ2002 በኋላ ከሻምፒዮናው ወጣ። በ2021 ሲመለስ በተዘጉ ስቴጆች ነው የተመለሰው።

እኛ ጋ ደግሞ «መንገድ ተዘግቷል» ሲባል ራሊ እየመጣ ነው ብሎ የሚደሰት የለም። ሰው ስንቁን ይቆጥራል፣ የታመመ ያለው ስልክ ይደውላል። መንገዱ ተከፍቶ ሲውል ምስጋና ነው። በዚህ መሐል መንገድ ዘግተን መኪና እናሩጥ ማለት ለእኔ አይዋጥልኝም፤ ጊዜው ሲመጣ ግን ጉግስ እያየ ያደገ ሕዝብ ራሊ ለማየት ገደል አፋፍ ላይ ቢቆም አይገርመኝም። ያኔም «ከአፋፉ ራቁ» የሚል ሰው ያስፈልገናል።

የባጃጁን ልጅ በሳምንቱ አገኘሁት። ዘጠኙን ገጽ ሰጠሁት፤ ቆሞ አነበበ። «ግራ 2 ይጠባል» የሚለው ላይ ሲደርስ ሳቀ፣ ቦታውን አውቆታል፤ አጎቱ እዚያ ጋ ተገልብጦ ነበር። ከዚያ ደብተሩን ገልብጦ ከኋላ «ከአዘዞ ወደ ፒያሳ» ብሎ ርዕስ ጻፈበትና «ይቺንስ እኔ ልሙላት?» አለኝ።

ከደባርቅ የተመለስኩ ዕለት መናኸሪያው ላይ የተሰጠን የመውጫ ወረቀት እስካሁን ደብተሩ ውስጥ አለ። ታርጋ፣ የሰው ብዛት፣ ማኅተም። ከማኅተሙ በታች ሁለት መስመር ያህል ባዶ ቦታ አለ፤ የመውጫና የመግቢያ ሰዓት ያስጽፋል።