ዱላው የከፈተው በር

ባለፈው ቅዳሜ ሲልቨር ስፕሪንግ ውስጥ ከአንድ የክርስትና ድግስ በኋላ ጥቂት ሰዎች ቡና ላይ ቀርተን ነበር። ወሬው ከአገር ቤት ተነስቶ፣ የቤት ኪራይን አዳርሶ፣ የባለቤቶቹ ትልቋ ልጅ ላይ አረፈና እዚያው አመሸ። ልጅቷ አስራ ሁለተኛ ክፍል ናት፤ ላክሮስ ትጫወታለች። ጫፉ ላይ መረብ ባለው ዱላ ኳስ እየቀለቡ፣ እየሮጡና እየተቀባበሉ ጎል የሚያገቡበት፣ ከሰሜን አሜሪካ ነባር ሕዝቦች የመጣ ጨዋታ ነው። እኛ ስንመጣ ስሙን እንኳ አናውቀውም ነበር። እዚህ ሜሪላንድ ግን በፈረንጆቹ ከ2004 ጀምሮ በሕግ የግዛቲቱ የቡድን ስፖርት ነው።

ይህችን ልጅ ዱላውን ካነሳችበት ከሰባተኛ ክፍል ጀምሮ አውቃታለሁ። ከአፓርታማቸው ጀርባ ያለው የመኪና ማቆሚያ ግድግዳ ላይ ስትመታ ጎረቤት ስሞታ አበዛ፤ አባቷ ወደ ቤተ ክርስቲያኑ ጓሮ ይወስዳት ጀመር። ከቅዳሴ ስንወጣ ከኮንክሪቱ ጧ፣ ጧ፣ ጧ የሚል ድምፅ ይሰማ ነበር። ነጠላዋን ወገቧ ላይ አስራ መቶ በቀኝ እጇ፣ መቶ በግራ እጇ። ብርድም ቢሆን አትቀርም።

አምና ሴፕቴምበር 1 ሊገባ፣ ልክ እኩለ ሌሊት ላይ ስልኳ ሲጮህ አባቷ መርዶ መስሎት ከአልጋው ዘሎ ተነሳ። በዚያ ሰዓት ከአገር ቤት የሚደወል ስልክ ለደግ አይደለምና። የደወለችው ግን ለቡድኗ ልጆች የምትመለምል የዩኒቨርሲቲ አሰልጣኝ ነበረች። በ2017 በወጣው ደንብ የዲቪዥን 1፣ ማለትም የአሜሪካ ኮሌጆች ስፖርት ከፍተኛው እርከን፣ የላክሮስ አሰልጣኞች ተማሪዋ አስራ አንደኛ ክፍል የምትጀምርበት ዓመት ሴፕቴምበር 1 ሳይደርስ ስለ ምልመላ ሊያነጋግሯት አይችሉም። ደንቡ ከመውጣቱ በፊት ገና ሁለተኛ ደረጃ ያልገቡ ልጆችን ሳይቀር ቃል ያስገቡ ነበር። ቀኑ ሲብት አንዳንዶቹ ደቂቃ አይጠብቁም።

አሁን ምርጫው ሁለት ላይ ወድቋል። አንደኛው ሩቅ ግዛት ያለ፣ በዲቪዥን 1 የሚጫወት የግል ዩኒቨርሲቲ ነው። የ30 በመቶ ስኮላርሺፕ ሰጥቷት መልሷን እስከ መጪው አርብ ይጠብቃል። ሁለተኛው ኒው ኢንግላንድ፣ በአሜሪካ ሰሜን ምሥራቅ፣ ያለ አነስተኛ ኮሌጅ ነው። በሦስተኛው እርከን፣ በዲቪዥን 3፣ የሚጫወት ስለሆነ ለስፖርት ብሎ አምስት ሳንቲም እንዳይሰጥ ደንቡ ይከለክለዋል። ሆኖም አሰልጣኟ የልጅቷን ውጤት ወስዳ ለቅበላ ቢሮው አሳይታለች፤ "ታመልክት" የሚል ጥሩ መልስም አግኝታለች። ማመልከቻው ኖቬምበር 1 ይዘጋል። ልጅቷ ሐኪም መሆን ትፈልጋለች።

ክርክሩን የጀመረው በወጣትነቱ አዲስ አበባ ውስጥ በክለብ አምስት ሺህ ሜትር የሮጠ ወዳጃችን ነው።

"ይሄ ምን ጥያቄ አለው?" አለ ሲኒውን አስቀምጦ። "ሰው ከሚበልጠው ጋር ካልሮጠ እግሩ አይፈታም። እኔ ትልቅ ክለብ ጠርቶኝ ከሰፈሬ አልርቅም ብዬ ቀረሁ። አብረውኝ ጃንሜዳ የሮጡት የት እንደደረሱ ታውቃላችሁ። ዲቪዥን 1 ተጠርታ ዲቪዥን 3 ብትሄድ ዕድሜ ልኳን 'እችል ነበር' እያለች ትኖራለች።"

ቁጭቱ ድምፁ ላይ ይሰማ ስለነበር ማንም ለመመለስ አልቸኮለም።

የልጅቷ አክስት ግን አላስቻላትም። "ሩጫስ እንጀራ ሲሆን አይተናል። ዱላ ይዞ መሮጥ የማን እንጀራ ሆኖ ያውቃል? ሁለቱንም ትታ እዚሁ ኮሌጅ ፓርክ፣ ሜሪላንድ ዩኒቨርሲቲ ትማር። ማታ ማታ ቤቷ ገብታ የእናቷን ወጥ ትብላ።"

እዚሁ ተወልዶ ኮሌጅም ላክሮስ የተጫወተ ወጣት አጠገቤ ተቀምጦ ነበር። "እትዬ ያሉት እውነት አለው" አለ። "የወንዶቹ ፕሪሚየር ላክሮስ ሊግ ራሱ መጫወት የጀመረው በ2019 ነው። በዚያው ሊግ ሥር የተቋቋመው የሴቶቹ ደግሞ በ2025። ከጨዋታው ጎን ሌላ ሥራ ያላቸው ብዙ ናቸው።"

"በ2028 ሎስ አንጀለስ ኦሊምፒክ ላይ አለ አይደል እንዴ?" አለው ሯጩ።

"አለ ጋሼ። ስድስት ለስድስት የሚጫወቱት ዓይነት። አንድ አገር የሚይዘው 12 ተጫዋች ነው፤ ከመላው አሜሪካ 12 ሴት።" ትንሽ አሰብ አድርጎ ቀጠለ። "ግን ደግሞ ጨዋታና ትምህርት ጠላት ናቸው ማለትም ስህተት ነው። ኖርዝዌስተርን ዩኒቨርሲቲ ትምህርቱ ከከባዶቹ ነው፤ በሴቶች ላክሮስ ግን ከ2005 እስከ 2009 በተከታታይ አምስት ዋንጫ ወስዷል። በ2025 የወንዶቹን ዋንጫ የበላው ኮርኔል ነው። እሱ ያለበት አይቪ ሊግ፣ የእነ ሃርቫርድ ማኅበር፣ ደግሞ የስፖርት ስኮላርሺፕ አይሰጥም። ማንን አሸንፎ? የኛኑ ሜሪላንድን፣ 13 ለ10።"

ይህን ጊዜ እስካሁን ዝም ብለው ሲያዳምጡ የነበሩ አንድ አባት ጉሮሯቸውን ጠረግ አደረጉ። "ሁለት ባላ ትከል፣ አንዱ ቢነቀል በአንዱ ተንጠልጠል ይባላል። ልጄ፣ ሁለቱንም ያዢ። የሚከፍልሽ ጋ ሂጂና ዱላውንም ደብተሩንም ያዢ።"

ሁላችንም አንገታችንን ነቀነቅን፤ ነገሩ ያለቀም መሰለን። በአንድ ኮሌጅ የገንዘብ እርዳታ ቢሮ የምትሠራው ሴት ግን አልነቀነቀችም።

"አባባ፣ ባላው ሁለት ነው፤ የተተከለው ግን አንድ ጉድጓድ ውስጥ ነው" አለች በአክብሮት። "የትምህርቱ ገንዘብ ጨዋታው ላይ ከተንጠለጠለ፣ ጨዋታው የተነቀለ ቀን ትምህርቱም አብሮ ይወድቃል። የጉልበት ጅማት አለ። አሰልጣኝ ሥራ መቀየር አለ። ስኮላርሺፑ ለአንድ ዓመት ብቻ የተጻፈ ከሆነ ደግሞ በየዓመቱ 'ይታደስልኝ ይሆን?' ማለት አለ።"

ከዚያ ነገሩን ከሥሩ አስረዳችን። እስከ 2025 ድረስ አንድ የዲቪዥን 1 የሴቶች ቡድን መስጠት የሚችለው የ12 ሙሉ ስኮላርሺፕ ያህል ገንዘብ ነበር፤ አሰልጣኟ ያንን ለሠላሳ ምናምን ልጅ ትሸነሽነዋለች። በዚያ ዓመት ተጫዋቾች የኮሌጅ ስፖርት ማኅበሩን ከሰው፣ ፍርድ ቤት ባጸደቀው ስምምነት ጣሪያው ተነሳ። በምትኩ ወደ ስምምነቱ የገቡት ትምህርት ቤቶች ቡድናቸው ከ38 ልጅ እንዳይበልጥ ተወሰነ። "ጣሪያው ተነሳ ማለት ካዝናው ሞላ ማለት አይደለም" አለች። "ገንዘቡ በየትምህርት ቤቱ አቅም ነው፤ ወንበሩ ግን ተቆጥሯል።"

የድግሱን የወረቀት ናፕኪን ስባ በእስክሪብቶ ጻፈችበት። ናፕኪኑን እኔ ነኝ ይዤው የሄድኩት፤ አሁንም ፊቴ አለ። የግል ዩኒቨርሲቲው ወጪ ከነማደሪያው በዓመት ወደ 80,000 ዶላር ነው። 30 በመቶው 24,000። የሚቀረው 56,000፤ በአራት ዓመት 224,000 ዶላር። የመጨረሻውን ቁጥር ሁለት ጊዜ አስምራበታለች። ከጎኑ ደግሞ የትንሹን ኮሌጅ ጻፈች፤ ዋጋው ተመሳሳይ ነው፤ ግን ለስፖርት የማይሰጠውን በቤተሰቡ ገቢ ልክ ይሰጣል። አባትየው ኤሌክትሪሻን ነው፣ እናትየው ሆስፒታል ላብራቶሪ ውስጥ ትሠራለች፣ ከእሷ በታች ሁለት ልጆች አሉ። ኮሌጆች ከ2011 ጀምሮ ድረ ገጻቸው ላይ ለቤተሰቡ የሚደርሰውን ወጪ የሚገምት ማስሊያ እንዲያስቀምጡ ሕግ ያስገድዳቸዋል። እዚያው ስልክ ላይ የአምናውን የታክስ ወረቀት እያዩ ሞሉት። ግምቱ ከ56,000ው ግማሽ በታች ወጣ። አባትየው መነጽሩን አውልቆ ጠርጎ እንደገና አየው። ለስፖርት አይከፍልም ያልነው ቤት፣ ከከፋዩ ቤት ረክሶ ተገኘ።

"የትልቁንስ ማስሊያ ሞልታችሁ ታውቃላችሁ?" አለች ለባልና ሚስቱ። አልሞሉም። ስኮላርሺፕ የሚለው ቃል ሲሰማ ሌላውን መጠየቅ ይረሳል።

ወጣቱ ደግሞ የሰዓቱን ነገር አመጣ። በደንቡ በውድድር ወቅት ልምምድ በሳምንት ከ20 ሰዓት፣ በቀን ከ4 ሰዓት አይበልጥም። "ጨዋታ ያለበት ቀን ግን ሙሉ ቀኑን ቢበላውም የሚቆጠረው 3 ሰዓት ነው" አለ። "አውቶብሱ አይቆጠርም። እግሬን በረዶ ውስጥ ነክሬ የምቀመጠው አይቆጠርም። ወቅቱ ከፌብሩዋሪ እስከ ሜይ ነው፤ መንፈቁን በሙሉ ማለት ነው።"

ልጅቷ ይህን ጊዜ ፈንዲሻውን ይዛ መጣች። እናቷ "የጠየቅሻትን ንገሪያቸው" አለቻት። ትልቁን ዩኒቨርሲቲ ስትጎበኝ አሰልጣኟን የኬሚስትሪ ላብራቶሪው ከሰዓት በኋላ ስለሆነ ከልምምድ ጋር ይጋጫል፣ ምን ይደረጋል ብላ ጠይቃ ነበር። አሰልጣኟ ፈገግ ብላ "ልጆቻችን በበጋው ዕረፍት ይወስዱታል፤ አንዳንዶቹም ሌላ ትምህርት ይመርጣሉ" ብላታለች። የትንሹ ኮሌጅ አሰልጣኝ ደግሞ ለተመሳሳይ ጥያቄ "ማክሰኞ ላብ ያላቸው ልጆች ዘግይተው ይመጣሉ፤ አራት አሉኝ" ነው ያለቻት። ልጅቷ ይህን ነግራን ፈንዲሻውን አስቀምጣ ሄደች። ሯጩ ወዳጃችን ከዚያ በኋላ ብዙ አልተናገረም።

እኔ እስከ መጨረሻው አድማጭ ነበርኩ፤ አባትየው በማግስቱ ደውሎ "አንተስ ምን ትላለህ?" ሲለኝ ግን ዝም ማለት አልቻልኩም።

አክስቷ ተሳስታለች። ዱላውን ጣይ ማለት በሩን የከፈተውን ቁልፍ ጣይ ማለት ነው። ያ ኮሌጅ ከሚያመለክቱት ብዙውን የሚመልስ ነው። የቅበላ ቢሮው የዚህችን ልጅ ውጤት በበጋ ላይ ቁጭ ብሎ ያነበበው አሰልጣኟ ይዛው ስለገባች ነው። ያ ሁሉ ጧ፣ ጧ ከንቱ አልነበረም፤ ሥራውን ሠርቷል።

የሯጩን ቁጭት አከብራለሁ፤ ግን የእሱ ጉዳይ ሌላ ነው። እሱ ሲመርጥ ሁለቱም በኩል ሩጫ ነበር፣ ሩጫውም መተዳደሪያው ነበር። ደግሞ ስለ መጫወት ከተነሳ፣ መጫወት ማለት ሜዳ መግባት ነው። ትልቁ ቤት ቀጥታ ጠይቃቸው "ምናልባት በሦስተኛ ዓመትሽ" ብለዋታል። ትንሹ ቤት ግን በእሷ ቦታ የሚጫወቱ ሦስት ልጆች ዘንድሮ ይመረቃሉ። የማውቃት ልጅ ሁለት ዓመት ተቀምጣ ውኃ ለማቀበል አይደለም ብርዱን የቻለችው።

ስለዚህ ትንሹን ኮሌጅ እመርጣለሁ አልኩት። ኬሚስትሪውን ሳትለቅ የምትጫወትበት እሱ ስለሆነ፣ ገንዘቡም ጉልበቷ ላይ ስላልተንጠለጠለ። ሐሳቤን ሊያስቀይረኝ የሚችል ነገር የለም አልልም። ትልቁ ዩኒቨርሲቲ ስኮላርሺፑን ለአራት ዓመት በጽሑፍ ካደረገው፣ በገቢ ልክ የሚሰጠውን ከጨመረበትና የላብራቶሪውን ሰዓት ካስተካከለላት እንደገና እንነጋገራለን። ሰኞ ደውለህ ሦስቱንም ጠይቅ፤ በቃል የሚነግሩህን አትቁጠረው አልኩት።

አንድ ነገር ደግሞ ለእሷ እንዲነግርልኝ ለመንኩት። ኖቬምበር 1 ሳይደርስ ትንሹ ኮሌጅ ሄዳ ከቡድኑ ልጆች ጋር አንድ ሌሊት ትደር፤ ቅዳሜ ሳይሆን በሥራ ቀን። የሦስተኛና የአራተኛ ዓመቶቹን አንድ በአንድ ምን ልትማሪ ገብተሽ አሁን ምን እየተማርሽ ነው ብላ ትጠይቃቸው። ሐኪም ልሆን ብለው ገብተው እስከ ዛሬ ላብራቶሪ የሚገቡትን ቆጥራ ትምጣ።