የገናን ቅርጫ በጥቅምት

ለገና ወጪ ስለ መቆጠብ የጻፉ አንድ ሰው «ለገና አንድ ወር ሲቀር መቆጠብ ጀምሩ» ብለው መምከራቸው ባይከፋም፣ እኛ ባሕር ዳር ላለነው ዘግይቷል ባይ ነኝ። ከገንዘቡ ባልተናነሰ የምንገዛበትም ጊዜ ይታሰብ። ኅዳር 15 ጾም ሲገባ ቅቤ ፈላጊው ይቀንሳል። ያኔ ገዝቶ በኮረሪማና በኮሰረት አንጥሮ፣ እርጥበት በሌለው ዕቃ ከድኖ ማስቀመጥ ነው። የዘጌ ጌሾም ቀደም ተብሎ ተገዝቶ ቢደርቅ ምንም አይሆንም (ጠላ የማትጠምቁ ይህን ዝለሉት)።

ዋናው ግን ቅርጫው ነው። ሁላችንም በሬ ፍለጋ የምንወጣው በዋዜማው ነው፤ ነጋዴውም ይህን አሳምሮ ያውቃል። ጎረቤት በጥቅምት ተሰብስቦ እንደ ዕቁብ በየሳምንቱ ጥቂት ጥቂት ቢጥል፣ በሬውን ከበዓሉ ሁለት ሦስት ሳምንት ቀድሞ ገዝቶ ግቢ ያለው ሰው ዘንድ ማሰር ይችላል። ወቅቱ የአጨዳና የውቂያ ስለሆነ ጭድ አይጠፋም። የመኖውና የአራጁ ወጪ ግን ከመደቡ (ከእያንዳንዱ ሰው ድርሻ) ዋጋ ጋር ከመጀመሪያው ይሰላ፤ «የአራጁን ቆዳው ይችለዋል» የሚባለው ድሮ ቀረ። ጨጓራው፣ ምላስና ሰንበሩ እንዴት እንደሚከፋፈልም ከዕጣው በፊት ይነገር። እኔ ያየሁት የቅርጫ ጭቅጭቅ ሁሉ የተነሳው በሥጋው ሳይሆን በዚህ ነው።

ዶሮ ቀድሞ ገዝቶ ማቆየቱን ግን አልመክርም። ፈንግል ሰፈር ከገባ ገናን ሳታይ ታልቃለች፤ እሷን በዋዜማው ተወደደም ረከሰም መግዛት ነው።