ጌሙ «ትክክል!» አለኝ፣ ወዳጄ ግን ሳቀብኝ

ባለፈው ክረምት እዚህ ሐዋሳ ሦስት ሆነን የምልክት ቋንቋ የሚያስተምር ጌም መሥራት ጀመርን። ነገሩ ቀላል መስሎን ነበር። ስክሪኑ ላይ ፊደል ይመጣል፣ በእጅህ ትሠራዋለህ፣ ካሜራው አይቶህ ነጥብ ይሰጥሃል። ሁለት ሳምንት አልፈጀብንም። ከባዱን ሥራ ጎግል ጨርሶታል፤ ሚዲያፓይፕ የሚባለው ነጻ መሣሪያው በተራ ላፕቶፕ ካሜራ ከአንድ እጅ ላይ 21 ነጥቦችን ለይቶ የጣቱ ጫፍ የት፣ አንጓው የት እንደሆነ ይነግርሃል። ለእኛ የቀረን የእጃችንን ፎቶ እያነሣን ሞዴሉን፣ ማለትም ምልክቱን የሚለየውን ፕሮግራም፣ ማሠልጠን ነበር። የገዛ እጃችንን! ሦስታችንም የምንሰማ ሰዎች ነን።

ከዚያ ፍቅር ሐይቅ አካባቢ ቡና ይዘን መስማት ለተሳነው ወዳጃችን አሳየነው። «ሁ»ን ሠራሁ። ጌሙ «ትክክል!» አለ። እሱ ሳቀ። ስልኩን አውጥቶ «ሀ ነው ያልከው» ብሎ ጻፈልኝ።

ለካ የኮረጅነው የእንግሊዝኛ ጌም ነው ጉድ የሠራን። በአሜሪካው የጣት ፊደል ከጄ እና ከዜድ በቀር ፊደሎቹ እጅ ሳይንቀሳቀስ የሚነበቡ ናቸው፤ ፎቶ ይበቃቸዋል። የእኛ ግን እንደ ግዕዙ ፊደል ቤተሰብ አለው። የእጁ ቅርጽ «ሀ» ቤት መሆኑን ይናገራል፣ ከሰባቱ የትኛው እንደሆነ የሚለየው እንቅስቃሴው ነው። ፎቶ ደግሞ እንቅስቃሴ አያይም።

ይሄ በቪዲዮ ይስተካከላል። እኔን የሚያሳስበኝ ሌላ ነው። የጣት ፊደል እኮ ቋንቋው አይደለም፤ ስም ለመጻፍ፣ ምልክት ለሌለው ቃል ነው። የኢትዮጵያ ምልክት ቋንቋ የራሱ ሰዋስው አለው፣ ፊትም ይናገራል፣ የእጅ ነጥብ ብቻ የሚቆጥር ጌም ቅንድብህን አያይልህም። ታዲያ ተማሪው ሁሉ የመመረቂያ ፕሮጀክት ሲደርስ ለምን ፊደል ላይ ይቆማል? ስለሚቀል ነዋ። «ሞዴሌ ከመቶ ይህን ያህል ያውቃል» ብሎ ማርኩን ይዞ ይወጣል። አንድ መስማት የተሳነው ሰው ሳያየው።

አሜሪካ ውስጥ ፖፕሳይን የሚባል ጌም አለ። የተሠራው መስማት ለተሳናቸው ልጆች ወላጆች ነው፤ ምክንያቱም አብዛኞቹ ልጆች የሚወለዱት ከሚሰሙ ወላጆች ነው፣ ወላጅ ደግሞ የሚቸግረው «ሀ ሁ» ሳይሆን «ራበህ?»፣ «የት ጋ አመመህ?» ማለት ነው። የእኛም ጌም ከዚያ ይጀምር ባይ ነኝ። ነጥብ የሚሰጠውም ቋንቋው የአፍ መፍቻው የሆነ ሰው እጅ ይሁን፣ ለድካሙም ይከፈለው። «ለወገኖቻችን ነው የምንሠራው» እያሉ በነጻ ማስቀረጽ ግፍ ነው።

አሁን ካሜራው ፊት የሚቀመጠው ወዳጃችን ነው፣ በሰዓት ነው የምንከፍለው። ጥቂት የቤት ውስጥ ቃላት ቀርጸናል። ትናንት ሞከርኩት፣ ሦስት ጊዜ ጣለኝ።