ከመንገድ የተነሳው የት ይገባል?

ስለ ውጭ አገር ክረምት ሲወራ የሚደነቀው ፍጥነቱ ነው። ሌሊቱን ሲወርድ ያደረ በረዶ ሰው ሥራ ሳይገባ ተጠርጎ ይገኛል። የካናዳዋ ከተማ ሞንትሪያል ለዚህ ጥሩ ምሳሌ ናት። ወደ 10,000 ኪሎ ሜትር የሚጠጋ መንገድና የእግረኛ መሄጃ ታጸዳለች። በረዶው ከ10 እስከ 15 ሳንቲ ሜትር ሲደርስ ወደ ዳር መግፋቱ አይበቃምና ጭነት ይጀመራል፦ መኪና ማቆም የሚከለክል ብርቱካናማ ምልክት ቀድሞ ይተከላል፣ ሳይረን ይጮኻል፣ ያልተነሳ መኪና ተጎትቶ ይወሰዳል፣ ከዚያም ማሽኑ ክምሩን እየበላ ጎን ለጎኑ በሚሄደው ገልባጭ መኪና ላይ ይተፋዋል። ከዚህ ሁሉ ይልቅ እኛ ልናየው የሚገባን ግን ገልባጩ ከሞላ በኋላ የሚሄድበትን ነው።

አገር ቤት ዝናቡ ከመግባቱ በፊት የጎርፍ መውረጃ ቦይ ይጠረጋል። ጥቁሩ ደለል ከነፌስታሉና ከነፕላስቲክ ጠርሙሱ በአካፋ ይወጣና እዚያው ከቦዩ አፍ ላይ ይከመራል። የቆፋሪው ሥራ በዚህ አለቀ፤ ጫኙ የሚመጣው ሌላ ቀን ነው። የመጀመሪያው ከባድ ዝናብ ጫኙን ከቀደመው ክምሩ ወደ ቦዩ ይመለሳል፣ ለአንድ ደለል ሁለት ጊዜ ይከፈላል። ችግሩ የጉልበት ወይም የአካፋ እጥረት አይደለም። የወጣው ነገር የት እንደሚደርስ ከመቆፈሩ በፊት አልተወሰነም፣ ያ ነው ችግሩ።

ከመንገድ የሚነሳ በረዶ ነጭ ስለሆነ ንጹሕ ይመስላል እንጂ ቆሻሻ ነው። በረዶ እንዲያቀልጥ መንገድ ላይ የተበተነ ጨው፣ አሸዋ፣ ከጎማ የተፋቀ ዚንክ፣ ከፍሬን የወጣ መዳብ፣ ዘይትና የሲጋራ ቁራጭ አለበት። ሞንትሪያል ቀድሞ ወደ ሴንት ሎረንስ ወንዝ ትደፋው ነበር፤ ይህ ቀርቶ ዛሬ ከፊሉ በፍሳሽ መስመር ወደ ማጣሪያ ጣቢያ ይወርዳል፣ ከፊሉ ፍራንኮን እንደሚባለው የድሮ የድንጋይ ካባ ባሉ ቦታዎች ይከመራል። ማጣሪያ ጣቢያው አሸዋውንና ቆሻሻውን ያስቀራል፤ የሟሟውን ጨው ግን አያስቀርም። በማሽን ማቅለጥም ይቻላል፣ ነዳጁ ግን ብዙ ነው፤ ሙቀት ጭራሽ ባይባክን እንኳ አንድ ቶን በረዶ ለማቅለጥ 9 ሊትር ያህል ናፍጣ ይሄዳል።

ጥሩ የበረዶ መጣያ ሥፍራ ወለሉ ውሃ የማያሰርግ፣ ትንሽ ያዘነበለና ከጉድጓድ ውሃ የራቀ ነው። የቀለጠው ውሃ መጀመሪያ የማጥለያ ኩሬ ውስጥ ገብቶ ይተኛል። ክምር መቅለጥ ሲጀምር አብዛኛው ጨው ከመጀመሪያው ውሃ ጋር ይወጣል፤ አሸዋውና ቆሻሻው ግን እስከ መጨረሻው ይቀራል። ስለዚህ ኩሬው ባዶና ዝግጁ መሆን ያለበት በረዶው በሚቀልጥበት ወቅት መግቢያ ላይ ነው። ወለሉ ላይ የቀረው ጥቁር ዝቃጭ ደግሞ ዝናብ ሳይቀድመው ተፍቆ መጫን አለበት። እዚህ ላይ የሞንትሪያሉ ዝቃጭና የአዲስ አበባው ደለል አንድ ናቸው፤ ሁለቱንም የሚመልሳቸው ዝናብ ነው።

በውጭ አገር የፓርኪንግ ቦታ የሚያጸዱ ብዙ ወገኖች ስላሉ አንድ ነገር እንጨምር። በረዶውን ከፍ ባለው ጥግ መከመር የተለመደ ስህተት ነው። ቀን ቀልጦ አስፋልቱን አቋርጦ ይወርዳል፣ ማታ እንደ መስታወት ይጋገራል፣ ከዚያ ለእሱ ተጨማሪ ጨው ይፈስበታል። ክምሩ የሚቀመጠው ቁልቁል ባለው ጎን ነው፤ ነገር ግን የውሃ መውረጃው ፍርግርግ ላይ አይደለም። ፍርግርጉ ከተደፈነ ውሃው መሄጃ ያጣል።

ጨውን በተመለከተ ዋናው ቁጥር የመንገዱ ሙቀት እንጂ የአየሩ አይደለም። መንገዱ ከዜሮ በታች 1 ዲግሪ ሲሆን 1 ኪሎ ጨው 46 ኪሎ ያህል በረዶ ያቀልጣል፤ ከዜሮ በታች 9 ሲደርስ ግን ከ6 ኪሎ ብዙም አያልፍም። ከዚያ በታች ተራ ጨው መበተን ብክነት ነው፤ ወይ ካልሲየም ክሎራይድ ወይም ማግኒዚየም ክሎራይድ፣ ካልሆነም እንዳያንሸራትት ብቻ አሸዋ ይደረጋል። አሸዋውም ዕዳ አለው፤ ካልተጠረገ ቱቦ ይደፍናል።

በጣም የሚቆጥበው ዘዴ በረዶው ሳይጀምር የጨው ውሃ መርጨት ነው። ለ100 ሊትር ውሃ 30 ኪሎ ያህል ጨው ይገባል፤ ይህ በክብደት 23.3 በመቶ ይሆናል። በዚህ መጠን ከዜሮ በታች እስከ 21 ዲግሪ አይረጋም። ቢቀጥን ቶሎ ይረጋል፤ ቢበዛም ትርፉ ጨው በብርድ እየተለየ የመርጫውን አፍንጫ ይደፍናል። ስለዚህ በግምት ሳይሆን በዴንሲቲ መለኪያ ይታያል፤ ንባቡ 1.18 ገደማ መሆን አለበት። ለአንድ የመኪና መሄጃ መስመር በአንድ ኪሎ ሜትር ወደ 95 ሊትር ይረጫል፣ በውስጡ ያለው ጨው 26 ኪሎ ብቻ ነው። ደረቅ ጨው በተለመደው አበታተን ለዚያው ርቀት 56 ኪሎና ከዚያ በላይ ይፈጃል፣ ከፊሉም ነጥሮ ከመንገድ ይወጣል። የሚረጨው መንገዱን ሙሉ አርጥቦ ሳይሆን ክፍተት ባላቸው መስመሮች ነው፤ ጎማ ደረቅ የሚይዝበት ይፈልጋል። ዝናብ ቀድሞ የሚመጣ ከሆነ አይረጭም፣ ታጥቦ ይሄዳልና። ነፋስ የሚነዳው ደረቅ በረዶ ሲሆንም አይረጭም፤ በራሱ ተጠርጎ ያልፍ የነበረው በረዶ እርጥቡ ላይ ይጣበቃል።

ደረቅ ጨው በእጅ ለሚበትን ደግሞ አንድ ትልቅ የቡና ኩባያ፣ ማለትም ወደ 350 ሚሊ ሊትር፣ ለአሥር የእግረኛ መንገድ ንጣፎች ይበቃል። በጨው ፍሬዎቹ መካከል ከ7 እስከ 8 ሳንቲ ሜትር ባዶ ቦታ ሊታይ ይገባል። አስፋልቱ ከደረቀ በኋላ ጨው ከታየ ትርፍ ነው፤ ተጠርጎ ወደ ባልዲው ይመለሳል።

ይህን ያህል የምንጨነቀው ጨው ስለማይጠፋ ነው። አይበሰብስም፣ አይተንም። አንድ የሻይ ማንኪያ ጨው 19 ሊትር ውሃ ይበክላል። በአሜሪካ የሚኒሶታ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በሚኒያፖሊስና ሴንት ፖል አካባቢ ከሚበተነው ጨው 70 በመቶ ያህሉ በወንዝ ወጥቶ እንደማይሄድ፣ በሐይቅና በከርሰ ምድር ውሃ እንደሚቀር አግኝተዋል። ጨዋማ ውሃ ስለሚከብድ ሐይቁ ሥር ይተኛል፣ የላዩና የታቹ ውሃ እንዳይቀላቀል ያደርጋል፣ ከታች ኦክስጅን ያልቃል። ድልድይ ውስጥም ሰርጎ ፌሮውን ያዝገዋል፤ ዝገቱ ሲያብጥ ኮንክሪቱን ከውስጥ ይፈነቅለዋል።

እኛ በረዶ የለብንም ብለን ይህን ማለፍ የለብንም። በአዋሽ ሸለቆ፣ አሚባራና መልካ ወረር አካባቢ፣ ጥጥ ያበቅል የነበረ የመስኖ መሬት በጨው ምክንያት ተትቷል። ውሃው ተለቀቀ፣ ማስወጫ ቦይ ግን በበቂ አልተሠራም። የከርሰ ምድር ውሃው ወደ ላይ ወጣ፣ ፀሐይ ውሃውን ወሰደች፣ ጨው መሬቱ ላይ ቀረ። መሬቱን መልሶ ለማዳን በብዙ ውሃ ማጠብና ከሥር የሚያወጣ ቦይ መሥራት ያስፈልጋል፤ የታጠበው ጨውም ተመልሶ ወደ አዋሽ ከገባ የታችኛው ገበሬ ይጠጣዋል።

ካናዳ በ2001 የመንገድ ጨው ለአካባቢ መርዛማ ነው የሚል ግምገማ ካወጣች በኋላ በ2004 የአሠራር መመሪያ አዘጋጀች። በዓመት ከ500 ቶን በላይ የሚጠቀም መሥሪያ ቤት የጨው ማከማቻውን፣ አበታተኑንና የበረዶ መጣያውን አንድ ላይ የያዘ ዕቅድ እንዲኖረው ትጠይቃለች። ከዚህ የምንወስደው ቀላል ነው። የቦይ ጠረጋ ውል ሲፈረም ቁፋሮውና ጭነቱ በአንድ ሥራ ተቋራጭ እጅ ይሁን፣ ደለሉ የሚደፋበት ቦታ በስም ይጻፍ፣ ክፍያው በተቆፈረው ሜትር ሳይሆን መድፊያው ላይ ተቆጥሮ በደረሰው ጭነት ይታሰብ።