ማስተካከያ፦ የ1947ቱ የፕሪክነስ ስህተት ከቁጥር መምታታት አልመጣም

ስለ ፈረስ ውድድር አስተላላፊዎች ቀደም ሲል በወጣው ጽሑፍ፣ አሜሪካዊው የሬዲዮ አስተላላፊ ክሌም ማካርቲ በ1947 (እ.ኤ.አ.) በፕሪክነስ የፈረስ ውድድር ላይ የተሳሳተው «የፈረሶቹን ቁጥር አምታቶ» እንደሆነ ተገልጿል። ይህ ይታረም። ማካርቲ ባልቲሞር ከሚገኘው የፒምሊኮ ውድድር ሜዳ በሬዲዮ ሲያስተላልፍ ጄት ፓይለት የተባለው ፈረስ አሸነፈ አለ። ያሸነፈው ግን ፎልትለስ ነበር፤ ጄት ፓይለት አራተኛ ነው የወጣው። መታጠፊያው ላይ የቆመው ሕዝብ እይታውን ጋርዶት ነበር። ፈረሶቹ ከሕዝቡ ጀርባ ብቅ ሲሉ ቅደም ተከተላቸው ተለውጧል፤ የጋላቢዎቹ ልብስ ቀለም ስለተቀራረበበት ግን የቀድሞውን መሪ ስም ይዞ ቀጠለ።

«ቁጥር» መባሉ ቀላል ስህተት አይደለም፤ የሙያውን አሠራር ያዛባል። ፈረሶች ተደራርበው ሲሮጡ የኮርቻ ጨርቁ ቁጥር ብዙ ጊዜ አይታይም። ስለዚህ አስተላላፊ ከውድድሩ በፊት በዋናነት የሚያጠናው የጋላቢውን ሸሚዝና ቆብ ቀለም ከፈረሱ ስም ጋር አጣምሮ ነው። አንድ ባለቤት ሁለት ፈረስ ካሰለፈ ሸሚዙ አንድ ይሆንና የሚለየው ቆቡ ብቻ ይሆናል፤ ቆቡን ያላጠና እዚያ ላይ ይወድቃል። ዝናብ ከዘነበ ደግሞ ጭቃው ከኋላ ያሉትን ሁሉ አንድ ቀለም ያደርጋቸዋል። ያኔ የቀደመውን ስም በግምት ከመድገም ቀለሙ እስኪለይ መጠበቅ ይሻላል።

በዚያው ጽሑፍ የአስተላላፊ ስህተት የውርርድ ክፍያን እንደሚለውጥ የተገለጸውም ይሰረዝ። ክፍያ የሚፈጸመው ዳኞች ባጸደቁት ውጤት ነው። ከመጨረሻው መስመር ትክክለኛ ትይዩ ያልተቀመጠ አስተላላፊ ወደ ውስጠኛው አጥር የቀረበውን ፈረስ ከውጪው ጋር በትክክል ማነጻጸር አይችልም፤ ጠባብ ፍጻሜን የሚለየው መስመሩ ላይ የተተከለው ካሜራ ነው።